ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ዕድሜው እንዴት ይታወቃል?

ነፍሰ ጡር እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ለምርመራ ስትቀርብ አዋላጅ ነርሷ አስቀድማ የምትጠይቃት ጥያቄ አለ። ይኸውም «የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረው በስንት ቀን ነበር?» የሚል ነው። ብዙዎች እህቶቻችን ጥያቄው ለካርድ መሙያ ብቻ የሚቀርብ እየመሰላቸው «ጥምቀት አካባቢ ይመስለኛል» ወይም «ጾም ሊያዝ ሲል» ብለው ያልፉታል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ምጥ ከቀኑ እጅግ ቀድሞ የመጣ እንደሆነ ሐኪሙ ለሕፃኑ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ቀን ተመርቶ ነው።

እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ሲቆጠር 40 ሳምንት ወይም 280 ቀን ያህል ይፈጃል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን በመሆኑ ሂሳቡ አያስቸግርም፤ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ነው። በመካከሉ ጳጉሜን ካለች ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ወር ከአራት ቀን ይሆናል። ለምሳሌ የወር አበባዋ ኅዳር 1 ቀን የጀመረ እናት ነሐሴ 11 ቀን ገደማ፣ የካቲት 1 ቀን የጀመረ ደግሞ ኅዳር 6 ቀን ገደማ ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል።

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል። ከ28 ሳምንት በፊት፣ ማለት ስድስት ወር ተኩል ገደማ ሳይደፍን የተወለደው ደግሞ እጅግ ቀድሞ የተወለደ ነው። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት በዓለም ላይ ያለ ጊዜያቸው ተወልደዋል።

«ሕፃኑ ተመዝኖ ኪሎው ከታወቀ አይበቃም ወይ?» የሚሉ ይኖራሉ። አይበቃም። አንድ አንድ ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሕፃናት አሉ እንበል። አንደኛው የ27 ሳምንት ሲሆን ሳንባው ገና አልጠናም፤ ጠብቶ መዋጥም አይችልም። ሁለተኛው የ32 ሳምንት ሆኖ በማህፀን ሳለ በቂ ምግብ ሳያገኝ የቀጨጨ ነው። የዚህኛው ሳንባ ይበልጥ የጠና ሲሆን በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር እንዳይወርድ ግን ጥብቅ ክትትል ያሻዋል። ሚዛኑ አንድ ይበል እንጂ ሕክምናቸው አንድ አይደለም።

ከወሊድ በፊትም ቢሆን ጉዳዩ ያው ነው። ምጥ ቀድሞ ሲመጣ የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠና መርፌ ለእናቲቱ ይሰጣል። ይህ ሕክምና በኒውዚላንድ ተሞክሮ ጥቅሙ የታወቀው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መርፌው ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲሰጥ ሲመክር፣ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል መታወቁን እንደ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ቀኑን የማታውቅ እናት ይህን ዕድል ልታጣ ትችላለች።

ዕድሜውን ለማወቅ ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የእናቲቱ ቃል ነው። ሁለተኛው አልትራሳውንድ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከተነሣ ስህተቱ ከአንድ ሳምንት አይበልጥም ማለት ይቻላል። እርግዝናው እየገፋ በሄደ መጠን ግን ስህተቱ ይሰፋል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት እስከ ሦስት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሣ የመከረው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው የሕፃኑን ሰውነት መመርመር ነው። ዶክተር ጂን ባላርድ የተባሉት አሜሪካዊት ሐኪም ያዘጋጁትና በ1991 እ.ኤ.አ. እጅግ ቀድመው ለሚወለዱት ጭምር እንዲያገለግል የተሻሻለው መመዘኛ 12 ምልክቶች አሉት። ስድስቱ የመልክና የቆዳ፣ ስድስቱ የጡንቻና የነርቭ ናቸው። የ24 ወይም የ25 ሳምንት ሕፃን ቆዳው ስስ ሆኖ የደም ሥሩን ያሳያል፤ የዐይኑ ቆብ እንደ ተጣበቀ ሊሆን ይችላል፤ ጆሮው ሲያጥፉት እንደ ታጠፈ ይቀራል፤ የእግሩ መዳፍ መሥመር የለውም። ይህ ምርመራ እጅግ ቀድመው ለተወለዱት በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል።

ሆኖም ይህም ሁለት ሳምንት ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል። ከ28 ሳምንት በታች በተወለዱት ላይ ደግሞ ዕድሜውን ከፍ አድርጎ የማሳየት ጠባይ አለው። በ24ና በ26 ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት የመኖርና የመሞት ልዩነት ሊሆን ስለሚችል፣ በወቅቱ የተመዘገበ ቀንን የሚተካ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ አባባል ማረም ያስፈልጋል። «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ልጅ አያድግም» ሲባል ይሰማል። ይህ ስህተት ነው። በማህፀን የቆየባት እያንዳንዷ ሳምንት ለሕፃኑ ጥቅም ናት፤ የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ የተሻለ ዕድል አለው።

ዕድሜውን ማወቅ ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላም ይጠቅማል። በ28 ሳምንት የተወለደ ሕፃን ከተወለደ ስድስት ወር ሲሞላው አንገቱን ማጽናቱና መገላበጡ የሚመዘነው እንደ ሦስት ወር ልጅ ነው። የጎረቤት ልጅ ተቀመጠ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ክትባቱ ግን የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ነው። የዐይን ምርመራውም ቀጠሮ የሚያዘው በእርግዝናው ዕድሜ ተሰልቶ ስለሆነ መታለፍ የለበትም። ሕፃኑን በደረት ላይ ገላ ለገላ አቅፎ ማቆየት ደግሞ እናትም አባትም ሊያደርጉት የሚችሉት ታላቅ ሕክምና ነው።

እንግዲህ እህቶች ምን እናድርግ? የወር አበባ በመጣ ቁጥር ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት እናድርግ። መቅረቱን ስናውቅ ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የምርመራ ካርዳችንንና የአልትራሳውንድ ወረቀቱን ከቤት በወጣን ቁጥር በቦርሳችን እንያዝ። ሠራተኛ የሆነች እናትም «ፈቃድ አላገኘሁም» ብላ መቅረት የለባትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ለእርግዝና ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንድታገኝ ይደነግጋል። ባልም ቀኑን ይወቅ፤ ምጥ በድንገት ሲመጣ እናቲቱ መልስ ለመስጠት አቅም ላይኖራት ይችላልና።