በሬው ከተሸጠ በኋላ

ያስተማርኳችሁ ልጆቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ይህን የምታነቡት ሳውዝ ሆናችሁ ነው። አትቀየሙኝ፤ እናንተን ልወቅስ አይደለም።

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ፎቅ ባየን ቁጥር "የሳውዝ ብር ነው" እንላለን። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። በዚያ ብር እናቱን ያሳከመ፣ ታናናሾቹን ያስተማረ ልጅ አለ። ግን ፎቁ ይታያል፤ የተሸጠው በሬ አይታይም።

"ድህነት ነው የሚያሰድዳቸው" ይባላል። እኔ ያየሁት ትንሽ ይለያል። የመጨረሻው ድሃ ለደላላ የሚከፍለው የለውም እኮ! የሚሄደው የሚሸጥ በሬ፣ በወለድ አገድ የሚያዝ መሬት ያለው ቤት ልጅ ነው። ሞያሌን ተሻግሮ ታንዛኒያ ወይም ማላዊ ሲታሰር፣ ወይም አጋቾች ሲያስደውሉት፣ የቀረችው ላምም ትሄዳለች። ደህና ይኖር የነበረ ቤት በአንድ ዓመት ባዶ ይቀራል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ 64 ስደተኞች በኮንቴይነር ውስጥ ሞተው ተገኙ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ሲባል፣ ልጁ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ስልኩን ይዞ ነው ያደረው።

አሁን ልናዘዝ። የአንድ ተማሪዬ አባት "ቲቸር፣ ልጁ ሊሄድ ነው፤ ትንሽ ይጨምሩልን" ሲሉኝ ሰጠኋቸው። ያው ልጅ ከዚያ በፊት ፀጉር ቤት ልክፈት ብሎ ብድር ሲጠይቀኝ "እስቲ እናያለን" ብዬው ነበር። ለፀጉር ማሽን ያጣሁትን ብር ለደላላ አገኘሁት። ልጁ ማላዊ ታስሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። መሬታቸው ዛሬም በሰው እጅ ነው።

ማስለቀቂያ ሲጠየቅ ዕድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ዘመዱም በሦስት ቀን ያዋጣል። እግዚአብሔር ይባርካቸው። ግን ያ ገንዘብ ልጁ ከመሄዱ በፊት የት ነበር? ለመቅበርና ለማስለቀቅ ፈጣኖች ነን፤ ለማቋቋም ግን እንዘገያለን።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዕድር በዓመት አንድ ልጅ ያቋቁም። በነፃ አይስጥ፤ ሠርቶ ይመልስና ለሚቀጥለው ይለፍ። ሳውዝ ያላችሁም ለታናሽ ወንድማችሁ ለመንገድ የምትልኩትን መጀመሪያ ለሥራ ላኩለት።

"ኪራዩና ግብሩ ይበላዋል፣ ይከስራል" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ሊከስር ይችላል። ግን ከስሮም ማታ እናቱ ቤት ያድራል።

እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ? በተለይ ሄዳችሁ የተመለሳችሁ፣ ጻፉልኝ።