እጅን በቤንዚን መታጠብ ንጽሕና አይደለም

ንጽሕና የጤንነት መሠረት መሆኑ በዚህች ወርኃዊ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ነገር ግን ሰው ንጹሕ ለመሆን ሲል በገዛ እጁ ጤንነቱን የሚጎዳበት ጊዜ መኖሩንም ማስታወስ ያስፈልጋል። የመኪና ጠጋኙ ሥራውን ሲፈጽም ቅባቱን ለማስለቀቅ እጁን በቤንዚን ይታጠባል፤ ቀለም ቀቢውም እንዲሁ ያደርጋል፤ በቤትም ውስጥ በልብስ ላይ የፈሰሰውን ቅባት ቤንዚን በነካው ጨርቅ ማሸት እንደ ጥሩ ባልትና ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ልማድ መቅረት የሚገባው መሆኑን፣ ለማስቀረትም ከሁሉ ይልቅ የሚችለው መምህሩ መሆኑን ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በማደያ የሚሸጠው ቤንዚን አንድ ነገር አይደለም፤ በአብዛኛው ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ከእነዚህም አንዱ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ቤንዜን የሚሉት ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ቤንዜን ግን በቤንዚን ውስጥ የሚገኝ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ይህንን ፈሳሽ በ1825 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለይቶ ያወጣው እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ነው።

ቤንዜን ቀለም የለውም፤ ከውሃ ይቀላል፤ ከውሃም ጋር እምብዛም አይዋሐድም፤ ስብን፣ ቅባትንና ጎማን ግን ያሟሟል። የሚፈላው በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ሳይፈላም በተራ የክፍል ሙቀት ፈጥኖ ይተናል። ተኑ ከአየር ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ስለሚከብድ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ወለል ለወለል ይሄዳል። በአንድ ማዕዘን ክፍቱን የተቀመጠ ዕቃ በሌላው ማዕዘን ካለው የከሰል ምድጃ እሳት የሚቀበለው ስለዚህ ነው። የመኪናው ቤንዚን በዚህ ጠባዩ ከቤንዜን ቢብስ እንጂ አይሻልም።

ቅባትን ማሟሟቱ በዘመኑ እጅግ ተፈላጊ አድርጎት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን አገር በብሬመን ከተማ ሉድቪግ ሮዜሊዩስ ከቡና ፍሬ ካፌይኑን ለማውጣት የተጠቀመው በቤንዜን ነበር፤ ይህ ዘዴ በኋላ ቀርቷል። ዛሬም በፋብሪካ ውስጥ፣ በተዘጋ ዕቃ፣ ለፕላስቲክና ለናይሎን መሥሪያ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ያገለግላል። በተከፈተ ዕቃና በባዶ እጅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጉዳቱ የታወቀው በሠራተኞች ሕይወት ነው። በስዊድን አገር የቢስክሌት ጎማ በሚሠራበት ፋብሪካ በቤንዜን ይሠሩ የነበሩ ወጣት ሴቶች ደማቸው ተበላሽቶ መሞታቸውን ሐኪሙ ሳንቴሶን በ1897 ገለጸ። በቱርክ አገርም ሐኪሙ ሙዛፈር አክሶይ ከ1967 እስከ 1973 ባለው ጊዜ፣ ቤንዜን ባለበት ሙጫ ይሠሩ ከነበሩት የኢስታንቡል ጫማ ሠሪዎች መካከል 26ቱ የደም ካንሰር እንደያዛቸው አስታወቀ። ሙጫው በሌላ ሲተካ የበሽተኞቹ ቁጥር እየቀነሰ ሄደ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ቤንዜን በእስትንፋስ፣ ጥቂቱም በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ በዚያም ተለውጦ ደም የሚፈጠርበትን የአጥንት መቅኔ ይጎዳል። የአሜሪካ መንግሥት በ1987 በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን ከሚሊዮን 10 እጅ ወደ 1 እጅ አወረደው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን ሊወሰንለት እንደማይችል ይናገራል።

«ሃያ ዓመት ታጥቤበታለሁ፣ ምን ሆንኩ?» የሚል ይኖራል። የጫማ ሠሪዎቹ ሙጫ ዛሬ ከምናውቀው ቤንዚን ይልቅ እጅግ ብዙ ቤንዜን እንደነበረበት መካድ አይገባም። ነገር ግን ይህ በሽታ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገለጥ ስለሆነ፣ ዛሬ አለመታመም የነገ ዋስትና አይሆንም። ደግሞም ቆዳው ደርቆ የተሰነጣጠቀውን እጅ ለማየት ሃያ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱን በጠጋኙ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። እርሱ የታጠበው ጌታው ሲታጠብ ያየውን ነው። መምህሩ የቤንዜንን ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ተማሪውን ያስጠናዋል፤ ተማሪው ግን የአባቱ እጅ በየማታው ምን እንደሚሸት ከዚያ ቀለበት ጋር አያገናኘውም። ይህንን ማገናኘት የመምህሩ ፈንታ ነው። ባለ ጋራዡም ሳሙናና ውሃ ለሠራተኞቹ ማቅረብን እንደ ትርፍ ወጪ ሊቆጥረው አይገባም።

ስለዚህ ለተማሪዎችና ለቤተ ሰብ የሚከተለው ይነገር። የሞተር ቅባት የነካው እጅ አስቀድሞ በጥቂት የምግብ ዘይት ታሽቶ በጨርቅ ይጠረግ፤ ከዚያም በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ቤንዚንን በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብ ፈጽሞ ይቅር። ቤንዚንም ሆነ ላምባ ውሃ ወይም ለስላሳ መጠጥ በነበረበት ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን የሚያውቀው ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለምና። ጠጥቶ ቢገኝ እንዲያስታውከው ማድረግ፣ ወተትም በግድ ማጠጣት አይገባም፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚገድለው ያን ጊዜ ነውና። ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። በዚህ ነገር ቅጠሉ አንድ ቁራጭ ሳሙናና የመምህሩ አንድ ቃል ነው፤ ሁለቱም በእጃችን ናቸው።