የእማዬ እንዝርትና የፕላስቲኩ ጥድ

መቼም ኅዳር 15 አልፎ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ወሬያቸው ሁሉ ስለ ገና ነው። «ለፍቅረኛዬ ምን ስጦታ ልግዛ?» የሚለው እንደ ወትሮው በዝቷል። እሱን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆይቼ ዛሬ አንዲት እህታችን የላከችውን ላካፍላችሁ። ስሟንም ሰፈሯንም አልጠቅስም። ባለትዳር ናት፣ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፣ የመጀመሪያ ልጇን እየጠበቀች ነው። ይህን ካወቃችሁ ይበቃል። ደብዳቤዋን ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እማዬ ከአገር ቤት የመጣችው ልታርሰኝ ነው። ከቅቤው፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር እንዝርቷንና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጥጥ ይዛ መጣች። ‹ለልጅሽ ጋቢ እፈትላለሁ› ብላ ቀኑን ሙሉ ስትፈትል ትውላለች። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ነው። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ሱሪው ሳይቀር ጥጥ በጥጥ ሆኗል። መጀመሪያ ዝም አለ። ባለፈው ቅዳሜ ግን የገና ዛፍ ገዝቶ ገባ። ያ ትልቁ ፕላስቲክ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው! ማቆሚያ ቦታ ሲጠፋ እማዬ የምትቀመጥበት ጥግ ላይ አቆመውና ‹ለበዓሉ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለሚመጡ ያ ጥጥ እስከዚያ ቢነሳ› አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ እሷ ግን ሰማች። ምንም አልተናገረችም። ጥጧን ሰብስባ ማዳበሪያው ውስጥ ከተተችና አፉን አሰረችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን አጣጥፋ ቴሌቪዥን ታያለች። ትናንት ደግሞ ‹ለገና አገሬ ልግባ፣ ስትወልጂ እመለሳለሁ› አለችኝ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። እሷም እናቴ ናት። በመሃል እኔ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለባለቤትሽ ጠበቃ ልሁንለት። አዲስ አበባ ላደግን ለብዙዎቻችን የገና ዛፍ የፈረንጅ ነገር ብቻ አይደለም፣ የልጅነት ትዝታችን ነው። የጥድ ቅርንጫፍ የወተት ጣሳ ውስጥ በአፈርና በድንጋይ ተደግፎ ይቆማል። ዙሪያውን ብልጭልጭ ወረቀትና ፖስት ካርድ ይንጠለጠልበታል። ማታ ማታ ቁጭ ብሎ እሱን ማየት ራሱ በዓል ነበር። ባለቤትሽም የሚወለደው ልጁ ይህን እንዲያይለት ጓጉቶ ይሆናል። በዚያ ላይ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ «ፋራ» እንዳይሉት ፈርቷል። ሰው ነውና አይፈረድበትም።

ግን እሱንም አንድ ነገር ልጠይቀው። ወንድሜ፣ ያንን ዛፍ ስናስጌጥ በረዶ እንዲመስል ቅርንጫፉ ላይ የምንበትነው ምንድን ነው? ጥጥ! ከፋርማሲ በገንዘብ የተገዛ ጥጥ! ታዲያ ዛፍ ላይ ሲሆን ጌጥ፣ አማትህ ጭን ላይ ሲሆን ቆሻሻ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ደግሞስ እኚህ እናት የሚሠሩት ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ክር ይሆናል፣ ክሩ ተጠቅልሎ ልቃቂት ይወጣዋል። ያ ነው ለሸማኔ ተሰጥቶ ጋቢ የሚሆነው። ዛሬ ብዙው ድር የፋብሪካ ክር ነው። ጋቢውን ለስላሳና ሙቅ የሚያደርገው ግን በእጅ የተፈተለው ማግ ነው። ጋቢ ደግሞ እንደ ነጠላ ስስ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። እንግዲህ ለአንድ ጋቢ ጣታቸው እንዝርቱን ስንት ጊዜ እንደሚያሾረው አንተው ገምት። ሽሮ ሜዳ ሄደን በአንድ ሰዓት ውስጥ ገዝተን እንመለሳለን፣ እውነት ነው። ያ ግን የገበያ ጋቢ ነው፣ የአያት ጋቢ አይደለም።

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ያስጨነቀኝ «እጇን አጣጥፋ» ያልሽው ነው። የአገር ቤት እናቶች ሲያወሩም እጃቸው ይሠራል። እናትሽ ልጅሽ ቤት የመጡት እንግዳ ሊሆኑ አልነበረም፣ ሊያግዙ ነው። ጥጣቸውን ሲያስሩ እንግዳ ሆኑ። እንግዳ ደግሞ መሄጃውን ነው የሚያስበው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ወሬ ማመላለሱን ተዪው። «እሱ እንዲህ ለማለት ፈልጎ አይደለም» ብትያቸው «ለባሏ አዳልታ ነው» ይላሉ። ራሱ ባለቤትሽ ይናገር። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍዪና እሱ ያንን ማዳበሪያ ተሸክሞ አምጥቶ በገዛ እጁ ይፍታው። ከዚያ «እማማ፣ ልጄ ያለ ጋቢ ሊቀርብኝ ነው» ይበላቸው። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። ያሰረው ቃል የእሱ ስለሆነ መፍታቱም የእሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ለጥጡ ቦታ አብጁለት። መቀመጫቸው ሥር አሮጌ አንሶላ ይነጠፍ። ማታ አንሶላውን በአራት ማዕዘኑ ሰብስቦ በረንዳ ላይ ማራገፍ ነው። መንደፉ ብናኝ ስላለው ጠዋት እሱ ሥራ ሲሄድ በረንዳ ላይ ይሁን። አንቺም ነፍሰ ጡር ስለሆንሽ ያን ጊዜ ራቅ በዪ። ዛፉ ግን ከእሳቸው ጥግ ይነሳ። ዛፍ ቢነሳ አያኮርፍም!

ሦስተኛ፣ ዛፉ አንዴ ተገዝቷልና አትጣሉት። ፕላስቲክ አይበሰብስም። ለአንድ ዓመት ተደርጎ ከተጣለ የከፋ ብክነት የለም። ከበዓሉ በኋላ በካርቶኑ አስቀምጡት፣ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባም ያገልግል። ገና ያልገዛችሁ አንባቢዎች ደግሞ ስሙኝ። ከጫካ ጥድ አትቁረጡ፣ ተቆርጦ የመጣም አትግዙ። የሐበሻ ጥድ ለማደግ ዓመታት ይፈጅበታል። እንጦጦ ራሱ ከተማዋ ሳትቆረቆር በፊት የጥድ ደን ነበረው፣ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው ባሕር ዛፍ የሞላው። ይልቅ ችግኝ ከሚሸጡት ዘንድ በፕላስቲክ ከረጢት ያለ የጥድ ችግኝ ግዙና አሮጌ ባልዲ ውስጥ ትከሉት። ለገና ቤት ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ ይደግ።

ጌጡንስ? ገንዘብ አታውጡ! የእናትሽ ባዘቶ ከፋርማሲው ጥጥ የበለጠ በረዶ ይመስላል። ትንንሽ ልቃቂቶች በክር ይንጠልጠሉ። የሐበሻ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ የጥለት ቁርጥራጭ አይጠፋም። ስንደዶ ካገኛችሁ ኮከብ ይሠራበታል። ኪሮሽ የምትችል ጓደኛ ካለችሽ ደግሞ ያ ለቴሌቪዥኑ ልብስ ስንሠራው የኖርነው ዳንቴል ዛፍ ላይም ያምራል። ወጣቶች፣ «ይሄ የእናቶች ሥራ ነው» እንዳትሉኝ። ባለቤትሽም ሱሪው ላይ የተጣበቀውን ጥጥ እየለቀመ ከሚነጫነጭ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ልቃቂት ይጠቅልል። ጣት ያለው ሁሉ ይችላል።

አራተኛ፣ የበዓሉን ቆሻሻ አስቡበት። ለአስቤዛ ስትወጡ ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዘንቢል ይውረድ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ከልክሏል። ሕጉ ባይኖርም ግን ምክንያቱን እናውቀዋለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች ያለቁት እኛው ከየቤታችን ባወጣነው ቆሻሻ ሥር ነው። ስለዚህ ድፎው በኮባ ይጋገር፣ ኮባው በኋላ አፈር ይሆናል። ጠላው በብርጭቆ ይቀዳ፣ ተጠቅሞ በሚጣል የፕላስቲክ ኩባያ አይሁን። ጎረቤት ብርጭቆ ቢያውስ ምን አለበት? ወለሉ ላይም ያ የፕላስቲክ ሣር ይቅርና እውነተኛው ቄጠማ ይጎዝጎዝ። ቤቱን በዓል በዓል የሚያሸተው እሱ አይደል? ጠርሙስና ቆርቆሮውን ደግሞ ለቁራሌው አስቀምጡለት። እሱ እኮ «አካባቢ ጥበቃ» የሚባል ነገር ሳንሰማ በፊት ሥራውን ጀምሯል።

አምስተኛው ስለ እንግዶቹ ነው። ባለቤትሽ የፈራው እነሱን አይደል? ልቃቂቶቹ በሙዳይ ሆነው ጠረጴዛው መሃል ይቀመጡ። እናትሽም ነጠላቸውን ለብሰው ከዛፉ ጎን ይቀመጡ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ዛፉ መብራት አይሆንም። «እማማ፣ ይሄን እርስዎ ነዎት የፈተሉት?» ይላሉ። ምክንያቱም እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ የምትፈትል አያት ነበረቻቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እናትሽ «ልሂድ» ካሉስ? እንግዲያው ምክንያታቸውን ጠይቂያቸው። ምናልባት ቤታቸው፣ ከብቱ፣ ደብራቸው ናፍቋቸው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ አክብራችሁ ሸኟቸው። ለገና ያልደረሰ ጋቢ ለፋሲካ ይደርሳል። ግን አንድ ነገር ለምኛቸው፤ እንዝርቱንና ጥጡን ትተው ይሂዱ። እሺ ካሉሽ ኩርፊያ አይደለም፣ ይመለሳሉ። እንዝርቱን ይዘው የሚወጡ ከሆነ ግን ነገሩ አልበረደምና ባለቤትሽ መናኸሪያ ድረስ ይከተላቸው!

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በየቤታችሁ ከዓይን የተሰወረ እንዝርት፣ ወስፌ ወይም ኪሮሽ ካለ አውጡትና ለገና ምን እንደሠራችሁበት ጻፉልኝ። እህታችንም የሆነውን ሁሉ እንድታሳውቀን አደራ። በሚቀጥለው ሳምንት በ«ለፍቅረኛዬ ምን ልግዛ?» እንገናኛለን፤ መልሴን ግን ከወዲሁ ሳትጠረጥሩ አልቀራችሁም። መልካም ጾም!