ለኳስ ቡድኑ ወጌሻ አለው፤ ለእስክስታውስ?

የሰፈር ኳስ ቡድን እንኳ ሜዳ ሲወጣ ቦርሳ ያነገተ አንድ ወጌሻ ከመቀመጫው ዳር አይጠፋም። ቦርሳው ውስጥ ያለው ፋሻና በረዶ ብቻ ይሆናል፤ ቢሆንም ተጫዋች ሲወድቅ የሚሮጥለት ሰው አለ። አሁን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ካሉት የባህል ምሽት ቤቶች ወደ አንዱ ግቡ። መድረኩ ላይ ያሉት ልጆች ከኳስ ተጫዋች ባልተናነሰ ይዘላሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይነሳሉ፤ ያውም በሳምንት አንዴ ሳይሆን ሌሊት በሌሊት። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ልጅ ግን የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ራሱን በራሱ ያሻል። ዘፈኑ ሲቀየር ተነስቶ ይገባል።

ይህን ስል ወዲያው የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ፦ «አያቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሲጨፍሩ ማን ጉልበቱን አመመው?» ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም እዚያው አያቶቻችን ጭፈራ ውስጥ አለ። እነሱ የጨፈሩት ክብ ሠርተው ነው። ሁለት ሰው መሐል ይገባል፣ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ትንፋሹ ሲያጥር ወጥቶ ያጨበጭባል፣ ሌላው ይተካል። ክቡ ራሱ ማረፊያ ነበር። የሚጨፍሩበትም ወለል በእበት የተለቀለቀ አፈር ወይም የመስክ ሣር ነው። ጊዜውም ሰርግ፣ ጥምቀት፣ የዓመት በዓል ነው እንጂ ማክሰኞና ረቡዕ ማታ አይደለም።

ውዝዋዜውን ከክቡ አውጥተን ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞርነው እኛ ነን። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች ሲስፋፉ፣ በኋላም በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የየብሔረሰቡን ጭፈራ ይዞ ባሕር ማዶ ሲሻገር፣ እስክስታ ሙያ ሆነ። ደግ ነው፤ በዚህ የምከፋ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ሙያ ሲሆን ተራው ቀረ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፣ አፈሩ ሊሾና ሴራሚክ ሆነ። የጎጃሙ አረንጓዴ ቁምጣ ከሥሩ የፕላስቲክ ጫማ ይፈልጋል ተብሎ በዚያ ስስ ጫማ ሲሚንቶ ላይ ይዘለላል። ሲሚንቶ ደግሞ የሚያጥፈው ነገር የለውም። የእግር ምቱን ሁሉ ለጉልበትና ለቅልጥም ይመልሰዋል። ጥሩ የውዝዋዜ መድረክ ከሥሩ ክፍተት ያለው፣ ሲረግጡት በትንሹ ጎበጥ የሚል የእንጨት ወለል የሚሆነው ለዚህ ነው። ለሴራሚክ የወጣው ብር ይህን ወለል ለመሥራት አያንስም ነበር።

ቅዝቃዜውም አለ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ምሽቱን የቀመሰው ያውቀዋል። ልጆቹ በስስ ልብስ ጓሮ ቆመው ይጠብቁና ስማቸው ሲጠራ በቀጥታ ወደ ፈጣኑ ምት ይገባሉ። አሥር ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቅ የሚያስወጣው ብር የለም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የሥራ አቆጣጠሩ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ጭፈራው ይቀዘቅዛል፤ ብዙው ተወዛዋዥ ያለ ሥራም ያለ ልምምድም ይከርማል። ከዚያ ፋሲካ ይገባና ከዳግማ ትንሣኤ ጀምሮ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደረባል፤ ቀን ድንኳን፣ ማታ ምሽት ቤት። ለሁለት ወር ያረፈ ጅማት በአንድ ሳምንት ያን ሁሉ ጫና ሲሸከም ይቆጣል። የስፖርት ሕክምና ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ይህንን ድንገተኛ ዝላይ ነው። ከገና ጾም በኋላ ጥር ሲገባም እንደዚያው ነው። መፍትሔውን ያገኘነው እኛ አይደለንም፤ የትኛውም የኳስ ቡድን ከእረፍት ሲመለስ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ለሳምንታት ቀስ በቀስ ይዘጋጃል። በጾሙ የመጨረሻ ሦስት ሳምንታት ያለ ዘፈንም ቢሆን ቁጭ ብድግ እየሠሩ፣ እየዘለሉ መቆየት ይቻላል። ጾምም አይሽርም።

ልጁ ታሞም ለምን አይቆምም? ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ብር ነዋ። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ የሚኖረው በሽልማት ነው። ሸላሚው ፊቱ ቆሞ አንገት ለአንገት ሲገጥመው «ዛሬ አሞኛል» ማለት የለም። በዚያ ላይ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ክልሉ በገባበት ግጭት ስንቱ ሥራ እንደተቋረጠ ታውቃላችሁ። የተገኘችውን አንድ ምሽት የሚያሳልፍ የለም።

ሲብስበት ደግሞ ጎረቤት «ዓይን ነው፣ ጨዋታው ስላማረ ነው» ይለዋል። ወይም ወጌሻ ቤት ይወስዱታል። ወጌሻን አልንቅም፤ የተወለቀ የሚመልስ እጅ ያለው አለ። ነገር ግን ዛሬ ያበጠን ቁርጭምጭሚት ዛሬውኑ አጥብቆ ማሸት እብጠቱን ያብሳል። የተሰበረን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም ቆርጦ እግር እስከማስቆረጥ እንደሚያደርስ ሆስፒታሎቻችን ያውቁታል። ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ያስፈልገዋል። ከሎሚው በታች የሚሰማ፣ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ጠዋት ደረጃ ሲወርዱ የሚመለስ ሕመም ጅማቱ ከአቅሙ በላይ መሥራቱን ይናገራል፤ ዝላዩን ቀንሶ ጡንቻውን ቀስ በቀስ ማጠንከር ይረዳል። አንገት ሲሰበቅ ቆይቶ እጅ ከደነዘዘ ግን ቀልድ አይደለም፣ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ነው።

በዓለም ላይ የውዝዋዜ ሕክምና ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው፤ የባለሙያዎቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር የተቋቋመው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስመርቃል፤ ደብረ ማርቆስ ራሷ የሕክምና ትምህርት ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ አላት። ለአንድ ተመራቂ ተማሪ የጎጃም ተወዛዋዦችን ጉልበት ከማጥናት የቀረበ ርዕስ አይታየኝም። ባህል ቢሮዎች ለፌስቲቫል ልብስ ሲያሰፉ ለፋሻና ለሐኪም የሚሆን መስመር በጀቱ ላይ ቢጨምሩ ማን ይጠይቃቸዋል?

የምሽት ቤት ባለቤቶች ይህን ልብ በሉ፦ በደመወዝ ቀጥራችሁ በእናንተ ትእዛዝ የሚሠራ ተወዛዋዥ ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም ሠራተኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምና ወጪን በአሠሪው ላይ ይጥላል። መድረክ ላይ የዞረ ቁርጭምጭሚት የሥራ ላይ ጉዳት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ተወዛዋዦችም ጉዳቱ የደረሰበትን ቀንና ያየውን ሰው ስም ጻፉ፣ የሐኪም ወረቀት አትጣሉ። ዘንድሮ ሰርግ የምትደግሱ ደግሞ ድንኳኑን ስትተክሉ ለጨፋሪዎቹ ከኮንክሪቱ ይልቅ ሣር ያለበትን ጎን ልቀቁላቸው። ሙዚቃውን ከመጀመራችሁ በፊትም ሩብ ሰዓት ስጧቸው፣ ይሙቁ።