ካቻቢቴ የወንድ ነው ያለው ማነው?



እዚህ ሙስካት «አገር ስንገባ ምን እንሥራ?» ሲባል መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ ቡና መሸጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ቡቲክ። ክፉ ሥራ ነው አልልም። ግን በአንድ ሰፈር አሥር ፀጉር ቤት ሲደረደር ማን ማንን ይሠራል? እኔ ጋራዥ ስል ግን ይሳቅብኛል። «ግሪስ ተቀብተሽ ማን ያገባሻል?» ይሉኛል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። የልብስ ማጠቢያው ውሃ አላወርድ ሲል ፊልተሩን ፈትታ ሳንቲሙን የምታወጣው ማናት? በሐምሌ ሙቀት ኤሲው አልቀዘቅዝ ሲል ወንበር ላይ ወጥታ ፊልተሩን የምታጥበውስ? እኛው ነን። ሥራውንማ ለምደነዋል፤ የተከለከልነው ስሙን ነው።

«ጉልበት ይጠይቃል» የምትሉም አላችሁ። የማዳምን ምንጣፍ ፎቅ ድረስ የተሸከመች ሴት ጉልበት አነሳት? ደግሞስ መኪና የሚያነሳው ክሪክ እንጂ ጡንቻ አይደለም።

በ1888 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊቷ በርታ ቤንዝ ባሏ የሠራውን መኪና ይዛ፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። የነዳጁ መስመር ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። ፍሬኑ ሲያልቅባት ጫማ ሠሪ ጋ ሄዳ ቆዳ አስመታችበት፤ የዛሬው የፍሬን ሸራ መነሻ ይኼው ነው። የእኛም አየር መንገድ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ባንኮክ ያደረገውን በረራ፣ ከአብራሪዎቹ እስከ ምድር ሠራተኞቹ ሴቶች ብቻ ነበሩ ያካሄዱት። አውሮፕላን ያበረረች አገር ልጅ ባጃጅ ያቅታታል?

ባጃጅ ካልኩ አይቀር፣ ስንቶቻችን ነን ለወንድማችን ባጃጅ የገዛነው? ሲበላሽ ማሠሪያ የምንልከውም እኛ ነን። ባጃጁ በእኛ ላብ፣ ሙያው የሌላ ሰው!

ዛሬውኑ ከማዳም ቤት ወጥታችሁ ዋዲ ከቢር ጋራዥ ግቡ አላልኩም። ቪዛችን የቤት ሠራተኛ ነው የሚለው፣ መዘዙ ለራሳችን ነው። እኔ የምለው ለመመለሻችን እንዘጋጅ ነው። ማታ ስልካችንን ስንከፍት ከድራማው ላይ አሥር ደቂቃ ቀንሰን ካንዴላ ምን እንደሚሠራ፣ ዘይት እንዴት እንደሚቀየር እንይ። ከምንልከው ብር ላይም ለራሳችን የትምህርት ክፍያ እናስቀር። አዲስ አበባ ተግባረ ዕድን የመሳሰሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አውቶ መካኒክ ያስተምራሉ፤ በሩ ላይ «ለወንድ ብቻ» የሚል አልተጻፈም።

የላክነው ብር ያልቃል፤ እጅ ላይ ያለ ሙያ ግን ማንም አይበላብንም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?