በእንፋሎት የበሰለ ጉርሻ

ስትሮክ የመታውን ሰው የሚያስታምሙ ቤተሰቦች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ስለ እጅና ስለ እግር ነው። «መቼ ትራመዳለች? ጣቶቿ መቼ ይታዘዙላታል?» ይሉኛል። ስለ ጉሮሮ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። ስትሮክ የፊትንና የጉሮሮን ጡንቻም ያደክማል። ሰውየው ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል፤ የጎረሰው በደከመው ጉንጩ በኩል ተወሽቆ ይቀራል፤ ምራቁ በከንፈሩ ጫፍ ይወርዳል። ከዚያ ያፍራል። ሲያፍር «የኔን ወደ መኝታ ቤት አምጡልኝ» ይላል። ቤተሰቡም «ይረፍ፣ አናስጨንቀው» ብሎ ይተወዋል። በዚህ ዓይነት ስንት አባትና እናት ግድግዳ እያየ እንደሚበላ በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ በተለይም ቤት ለቤት ስንሄድ፣ አይቻለሁ።

ታላቅ እህቴ፣ እኛ እቴትዬ የምንላት፣ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖራለች። አዲሱ ገበያ አካባቢ ባለው ቤቷ ልጅ፣ ምራትና የልጅ ልጅ ከአንድ ትሪ ሲበሉ እሷ የመኝታ ቤቷን በር ገርበብ አድርጋ፣ ነጠላዋን በአፏ ላይ ጣል አድርጋ ለብቻዋ ትበላ ነበር። ይህቺ እኮ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያለች አላፊ አግዳሚውን ስትጎትት የኖረች ሴት ናት! ቅዳሜ ቅዳሜ ደም ግፊቷን ልለካ ስሄድ «እቴትዬ፣ ውጪና አብረሽ ብዪ እንጂ» እላታለሁ። «ተይኝ እስቲ፣ ልጆቹ ይጸየፉኛል» ትለኛለች። ልጆቹ አልተጸየፏትም፤ ትንሿ እንዲያውም «እማማ ለምን ትደበቃለች?» እያለች ትጠይቃለች። እቴትዬን ግን ማን ያሳምናት!

ልጇ መርካቶ ነጋዴ ነው። ዕቃ ለማምጣት ጓንዡ ይመላለሳል። እንደሱ ያለው ነጋዴ ዛሬ ብዙ ነው፤ አውሮፕላናችን በቀጥታ ይሄዳል። እኛ ጉለሌዎች ቻይናን በቅርብ ያየናት ቀለበት መንገዱ በዊንጌት በኩል ሲሠራ ነበር። ያን ጊዜ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉት ሠራተኞች ሲያልፉ የሰፈር ልጅ ሁሉ «ቻይና! ቻይና!» እያለ ይከተላቸው ነበር። የእህቴ ልጅ ያኔ ከሚጮሁት አንዱ ነው፤ ዛሬ ቋንቋቸውን ለመደራደር ያህል ይሞክራል። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ሲመለስ «እሁድ ሁላችሁንም ዲምሰም አበላችኋለሁ፤ እናቴም ትመጣለች» ብሎ አወጀ።

ዲምሰም ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ምግብ አይደለም፤ ከሻይ ጋር የሚቀርቡ የብዙ ጥቃቅን ምግቦች መጠሪያ ነው። አገሩ ደቡብ ቻይና ነው፤ ጓንዡና ሆንግ ኮንግ። ስሙ በቃል ሲፈታ «ልብን መንካት» እንደማለት ነው አለን። ለመብላት ሲቀጣጠሩም «እንብላ» አይሉም፤ «ሻይ እንጠጣ» ነው የሚሉት፣ እኛ «ቡና ጠጡ» ብለን ጠርተን ቁርስና ወሬ እንደምናቀርበው። እንደ ሳምቡሳ በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ነገር ግን ያልተጠበሰ፣ በእንፋሎት የበሰለ ምግብ አስቡ። ሽሪምፕ የገባበት ሃር ጋው ይባላል፤ አፉ ክፍት የሆነው ሹማይ ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳና ድቡልቡል የሆነው ደግሞ ባው። ባውን ስቀምሰው ሳቄ መጣ። ህብስት ነው! እናታችን በኮባ ጠቅልላ በእንፋሎት የምታበስለው ህብስት፣ ሆዱ ውስጥ ወጥ ተጨምሮበት። የሚበስልበት ዕቃም ከቀርከሃ የተሠራ፣ ክዳን ያለው፣ ለዓይን ከኛ ሙዳይ ጋር የሚመሳሰል ነው። አንዱን በሌላው ላይ እየደራረቡ እንፋሎቱን ከታች ይሰዱበታል።

ከመሄዳችን በፊት ቤት ውስጥ ክርክር ነበረ። እቴትዬ ስለ አሳማው ሰምታለች፤ ሹማዩም ባውም በአገራቸው አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። ሽሪምፑም ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት ስለሆነ አልፈለገችውም። «ዶሮውንስ ማን ባረከው?» አለች። ይህ ጥያቄ ለወጣቶቹ ቀልድ ይመስላቸዋል፤ ለእሷ ግን የዕድሜ ልክ ሥርዓት ነው፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። ታማሚን ሥርዓቱን አስጥሶ ማብላት ሕክምና አይደለም። ስለዚህ ለወንድሜ ልጅ እንደምነግረው ሁሉ ለእሱም «ሳንጠይቅ አንዲት ነገር አፏ አትገባም» አልኩት። ተስማማ።

ምግብ ቤቱ ቦሌ አካባቢ ነው። አስተናጋጇ የኛው ልጅ ሆና ተገኘች። እቴትዬ ገና ሳትቀመጥ ጥያቄዋን ስታወርድባት «እማማ፣ የጾሙን ላምጣልዎት? ጎመን፣ ካሮትና እንጉዳይ ነው» አለቻት። «ድስቱስ?» አለች እህቴ። «ለብቻው ነው እማማ፣ ጾመኛ ደንበኛ ብዙ አለን።» ፍስክ ሆኖ ሳለ የጾም ምግብ ታዘዘ፤ ነገሩም እዚያ ላይ አለቀ።

ጠረጴዛው ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ የሚሽከረከር መስተዋት አለ። ምግቡ እዚያ ላይ ይቀመጥና የፈለገ ወደራሱ ያዞረዋል። ልጆቹ እንደ መጫወቻ አዞሩት። እኔ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ዉ ሊየን-ቴ የሚባል ሐኪም ነበር፤ በፔናንግ የተወለደ፣ በካምብሪጅ የተማረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 እና 1911 በማንቹሪያ የገባውን የሳንባ ወረርሽኝ በመከላከል ስሙ የገነነ ነው፤ በጨርቅ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያስደረገውም እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1915 ገደማ፣ ቻይናውያን ከአንድ ሳህን በየራሳቸው እንጨት እየነከሩ መብላታቸው አሳሰበው። መፍትሔው «ለየብቻ ብሉ» አልነበረም። የሚሽከረከር ገበታ ይሁን፣ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ የራሱ ማንሻ ማንኪያ ይቀመጥ አለ።

ይህን ሰው የምወደው ለዚህ ነው። ንጽሕናን ሲያስብ ማዕዱን አልበተነም። እኛ ጉለሌዎች የሳንባ ነቀርሳን ነገር እናውቃለን፤ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ከሽሮ ሜዳ በላይ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው። በሥራ ዘመኔ መድኃኒቱን ጀምሮ እየዳነ ያለ ሰው ኩባያውና ሳህኑ ተለይቶ፣ ጥግ ተቀምጦ ሲበላ ስንቴ አየሁ! ቲቢ በትንፋሽ እንጂ በሳህን እንደማይተላለፍ ስነግራቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሳህኑ ግን እንደተለየ ይቆያል። በማዕድ የሚተላለፈው ተቅማጥ፣ የጉበት በሽታ ኤ እና የመሳሰለው ነው፤ እሱን ደግሞ እጅ በሳሙና መታጠብ በእጅጉ ይቀንሰዋል። ስትሮክማ ፈጽሞ አይተላለፍም።

ወደ እቴትዬ ልመለስ። ከጎኗ ተቀምጬ ነበር፣ በጠንካራው ወገኗ በኩል። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ከጀርባዋ ትራስ አደረግንላት፤ ተጋድሞም ሆነ ተደግፎ መዋጥ አደገኛ ነው። የጾሙን ጥቅል በማንኪያ ለሁለት ከፈልኩላት። ልስልስ ያለ፣ እርጥብ፣ ሳይፈረፈር አንድ ላይ የሚቆይ ምግብ ጉሮሮ ለደከመበት ሰው ተስማሚ ነው፤ ይህ ደግሞ እንደታዘዘ ሆኖ መጣ። በጠንካራው ጉንጭ በኩል አስገባችው፤ አገጯን ወደ ደረቷ ትንሽ ዝቅ አድርጋ ዋጠችው። ጠበቅን። አልሳለችም።

ቀጥሎ የሩዝ አጥሚት መጣ። ሩዙ እስኪሟሟ የተቀቀለ ነው፤ «ኮንጂ» ይሉታል። እሱንም ወደደችው። ብዙ ሰው «ደረቁ ካቃታት ውሃ ስጧት» ይላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቀጭን ፈሳሽ ፈጥኖ ስለሚወርድ የደከመ ጉሮሮ አይደርስበትም፤ ወደ ሳንባ የሚሄደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል። ሻዩን የሚያቀርቡበት ስኒ እጀታ የሌለው፣ ሁለት ፉት ብቻ የሚይዝ ስለሆነ በጀን፤ አንዷን ፉት ሳትውጥ ሁለተኛዋን አላስነካኋትም።

የከለከልኳትም አለ። በቅጠል የተጠቀለለው ሙጫ መሳይ ሩዝ ከጉሮሮ ላይ ስለሚጣበቅ «እሱ አይሆንም» አልኩ። ከእንቁላልና ከወተት የሚሠራው ትንሽ ኬክ ደግሞ ዳሩ ይፈረፈራል፤ መሐሉን ብቻ በማንኪያ አወጣሁላት። የእህቴ ልጅ የዶሮ እግር አዝዞ ነበር። እኛ አሥራ ሁለት ብልት አውጥተን የምንጥለውን እግር እነሱ በቅመም አብስለው ይግጡታል! ልጆቹ ጮሁ። እቴትዬ ሳቀች። ስትስቅ በግራ ከንፈሯ በኩል ምራቋ ወረደ፤ እጇም ወደ ነጠላዋ ሮጠ። ማንም አላያትም፤ ሁሉም የዶሮ እግሩን እያየ ነበር። እሷም ይህን አየች መሰለኝ፣ ነጠላውን መልሳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

ልጇ ሻይ ሲቀዳ መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለእኔ፣ በመጨረሻ ለራሱ ቀዳ። እዚያም ሥርዓቱ ታላቅን ማስቀደም ነው አለን። ሻይ የተቀዳለት ሰው በሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን ቀስ ብሎ ይነካል፤ ምስጋና ነው። የሚነገረው ታሪክ ተራ ሰው መስሎ የሚዞር ንጉሠ ነገሥት ለአሽከሮቹ ሻይ ቢቀዳላቸው፣ እንዳይገልጡት ፈርተው በጣታቸው እጅ ነሱ የሚል ነው። እቴትዬ ይህን ስትሰማ በደከመው በግራ እጇ ሞከረች። ሁለቱ ጣቶች ጠረጴዛውን ነኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ስንት ወር የለመናትን እንቅስቃሴ ለሻይ ስትል ደጋገመችው።

ከዚያ ትንሿ የልጅ ልጅ ተነሥታ የጾም ጥቅል በእጇ ይዛ «እማማ፣ ጉርሻ!» አለች። ሙሉው ነው፤ ለጤነኛም ይበዛል። እጇን ያዝኳት፤ «ለእማማ ግማሹን» አልኳት። ግማሹን አጎረሰቻት። እቴትዬም ቀሪውን ግማሽ አንሥታ ለልጅቷ አጎረሰች። ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከእጇ የወጣ የመጀመሪያው ጉርሻ ነው። የእህቴ ልጅ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔም መነጽሬን ጠረግሁ፤ እንፋሎቱ ነው።

ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ግን ለሶያ ሶሱ ተጠንቀቁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ከ2 ግራም በላይ ጨው አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል። ደም ግፊት ላለበት ሰው ጫፉን ብቻ ማስነካት ነው። ስኳር ያለበት ሰውም ሊጡ ነጭ ዱቄትና ስታርች መሆኑን ያስብ፤ በጥቃቅኑ ሲቆጠር ሳይታወቅ ይበዛል። ሽሪምፕ ቀምሶ የማያውቅ ልጅ ደግሞ ከንፈሩ ካበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ ካለ ወይም ትንፋሹ ካጠረ ሒሳብ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና።

ስትሮክ ያለበት ሰው ያላችሁ፣ ከበላ በኋላ ጉንጩን በውስጥ በኩል እዩለት፣ የቀረ ምግብ አይታጣም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደም ይቀመጥ። በልቶ ድምፁ ውሃ እንደያዘ የሚንቀረቀር ከሆነ፣ እየደጋገመ የሚያስለው ከሆነ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከመጣበት የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይቅርበት። በሽሮ የራሰ ፍትፍት፣ ወፈር ያለ አጥሚት፣ በትንሹ የተቆረሰ ህብስት ከኛው ጓዳ አይጠፋም።

እቴትዬ አሁንም አንዳንድ ቀን ትሪዋን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ትገባለች፤ በተለይ እንግዳ ካለ። እሁድ እሁድ ግን ከልጆቹ ጋር ነች። ልጇ ሁለት የቀርከሃ ሙዳዮች አምጥቶላት ነበር። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል። በሌላው ምራቷ ዕንቁላል የሚያካክል ህብስት ታበስልበታለች፤ እህቴ ደግሞ «እርሾው አልደረሰም፣ የኔ እናት እንዲህ አልነበረም የምታደርገው» እያለች ከማዕዱ ራስ ላይ ትቆጣለች።