የመስኮቱ ወንበር ለማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ እናታችን በርበሬ እንድንገዛ ልከውን ወደ በርበሬ በረንዳ ወርደን ነበር። መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚያ ስፍራ ገብቶ ሳያስነጥስ የሚወጣ እንግዳ የለም። እኛም አስነጥሰን ስናበቃ፣ ዛላውን የሚመዝኑልን እትዬ ከወዴት ጠፍተን እንደ ሰነበትን ጠየቁን። ለሥራ ባሕር ዳር ቆይተን በዋዜማው በአይሮፕላን መመለሳችንን በኩራት ነገርናቸው።

«እሰይ ልጄ! እንግዲያውስ በጎጃም ላይ አልፈሃል። ይኸ የምመዝንልህም የቡሬ ነው። አገሩ እንዴት ሰነበተ? ማሳው ለምልሟል?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። በመተላለፊያው በኩል ተቀምጠን፣ እኩሌታውን መንገድ ስልክ ስንነካካ፣ እኩሌታውን ስናንቀላፋ ነበርና የመጣነው። እትዬ ምንም ሳይሉ ሚዛናቸውን አስተካከሉ። እኛን ግን ከበርበሬው ይልቅ ዝምታቸው አቃጠለን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ሲያደርግ፣ አይሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ዳኮታዎች ነበሩ። ዕቃው በመካከል ተጭኖ፣ መንገደኛው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ ፊት ለፊት እየተያየ ይጓዝ ስለ ነበር፣ መስኮቱ ከጀርባው ይውል ነበር። አያቶቻችን አንገታቸውን ጠምዝዘው የተመለከቱትን አገር እኛ በምቹ ወንበር ላይ ተቀምጠን መስኮቱን እንዘጋበታለን።

ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ነው። በዚህች አንድ ሰዓት ውስጥ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ የሰላሌ ሜዳ፣ ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ 1,500 ሜትር የሚደርሰው የዓባይ ሸለቆ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ጮቄ፣ በመጨረሻም ጣና ይከታተላሉ። በታረሰው መሬት መካከል ክብ ክብ ሆነው የሚታዩት ደኖች የአብያተ ክርስቲያናት ዐፀዶች ናቸው። በዙሪያቸው የነበረው ዱር ተመንጥሮ እነርሱ ብቻ እንደ ቀሩ ለመረዳት አንድ ጊዜ ከላይ ማየት ይበቃል።

እንግዲህ የትኛው ወንበር ይመረጥ? ጠዋት ወደ ሰሜን የሚበር ሰው በግራ ይቀመጥ፤ ፀሐይ በቀኝ ስለምትሆን ዓይኑን አትወጋውም። ከሰዓት በኋላ ሲመለስም ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለችና አሁንም ግራው ይሻላል። ወደ ጎንደር ለሚሄድም ጣና አብዛኛውን ጊዜ በግራ ነው። በቲኬቱ ላይ «ኤ» የሚለው ፊደል የግራ መስኮት ነው። ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አይሮፕላን ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለ ሆነ ቁልቁል ለማየት ይመቻል፤ በመካከሉ ሞተሩ ስለሚጋርድ ግን ወደ ኋላ መቀመጥ ነው። በቦይንግ ክንፉ ከታች ነውና ከእርሱ መራቅ ይገባል። በክረምት ደመና ይሸፍናል፤ ጥቅምት ግን አየሩ የታጠበ፣ አገሩም የለመለመ ነው።

«ከሰማይ ሆኖ ማየት ዕውቀት ነው ወይ?» የሚሉን ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ረኃብም ጥጋብም አይለይም። እትዬ ተሳፍረው አያውቁም፤ ዛላውን በእጃቸው ዳብሰው ግን ይኸ የቡሬ፣ ይኸ የማረቆ፣ ይኸ የአላባ ነው ብለው ይለያሉ። ይሁን እንጂ መስኮቱ መልስ ባይሰጥ ጥያቄ ይሰጣል። በዚያ ገደል ማዶ ያለው መንደር ሕመምተኛውን በየት በኩል ያወጣል? ያ ደን ለምን ብቻውን ቀረ? ጥያቄ ይዞ የሚወርድ ሹም ከገበሬው ጋር የሚነጋገረው ነገር አለው፤ እንቅልፉን ይዞ የሚወርድ ግን የተዘጋጀለትን ሪፖርት ተቀብሎ ይመለሳል። ነገ ስለ መንገዱ፣ ስለ ደኑና ስለ ውሃው በወረቀት ላይ የምንፈርመው ደግሞ እኛው ወጣቶቹ ነን።

በርበሬው ማለቁ፣ እኛም ወደ እትዬ መመለሳችን አይቀርም። «አገሩ እንዴት ሰነበተ?» ሲሉን የምንመልሰው እንዲኖረን፣ የሚቀጥለውን ቲኬት ስንቆርጥ የመስኮቱን ወንበር እንጠይቃለን። አንባቢያችንም እንዲሁ እንዲያደርግ እንመክራለን።